ሰር ፍራንክ ዊትልና የጄት ሞተር አየር

ሰር ፍራንክ ዊትል በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. ከመካኒክ አባት ተወለዱ። አየር ኃይል ለመግባት ቢጠይቁ በቁመታቸው ማጠር ተመለሱ፤ ተስፋ ሳይቆርጡ በ1923 ገቡ። በ1930 የጄት ሞተር ሐሳባቸውን ለማስመዝገብ አመለከቱ፤ ዳሩ ግን ደጋፊ አጡ። በ1935 ለማሳደሻ የሚከፈለው 5 ፓውንድ ቸግሯቸው መብቱ አለፈባቸው። ቢሆንም ሞተራቸው በ1937 ተነሣ፤ በ1941ም አውሮፕላን ይዞ በረረ።

ብርቱው ፈተና ሙቀት ነበረ፤ ተርባይን የሚባለው መዘውር ምላጮች በግለት ይሰበሩ ነበር። የአንጥረኛ ወናፍ አየር እሳት ያነዳል፤ በዛሬው ጄት ግን አየር ብረትንም ያድናል። ሞተሩ ከጨመቀው አየር ከፊሉ፣ ከእሳቱ ይልቅ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ በምላጮቹ ውስጥ እያለፈ ያበርዳቸዋል። ከፊሉ በመጋጠሚያዎች በኩል እየገፋ ዘይት እንዳይፈስ፣ ትኩስ ጋዝም እንዳይሾልክ ያግዳል። ከፊሉም በመጨመቁ ስለሞቀ በሞተሩ አፍ ላይ በረዶ እንዳይጋገር ያደርጋል፤ ከዳሞታ ተራራችን እጅግ በላይ፣ ደመናውን አቋርጦ ለሚበር ሞተር በረዶ ክፉ ጠላት ነውና።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች በ1962 ተቀበለ። ዊትል በ1996 በአሜሪካ አገር አረፉ። ወጣቶች ሆይ፣ የ5 ፓውንድ እጦት መብታቸውን ቢወስድም ሐሳባቸውን እንዳልገደለው እናስብ።