የቃላት ግምጃ ቤት የሠራው ሐኪም፦ ፒተር ማርክ ሮዤ

እንግሊዝኛ እያጠና ቴሶረስ የሚባለውን መጽሐፍ ያላገላበጠ ተማሪ ጥቂት ነው። መጽሐፉን ባይዝ እንኳ ኮምፒዩተር ላይ ሲጽፍ አንዱን ቃል ጠቅ አድርጎ ተመሳሳዮቹን ያስወጣል። ታዲያ ብዙዎቻችን የመጽሐፉን ስም እንጂ የደራሲውን ታሪክ አናውቅም። ታሪኩን ማወቅ ደግሞ ለወሬ ያህል ብቻ አይደለም። መጽሐፉ የሚሰጠንን እና የማይሰጠንን ለይተን የምናውቀው ሰውየው ለምን እንዳዘጋጀው ስንረዳ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሮዤ ጃንዋሪ 18 ቀን 1779 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ዣን ሮዤ የጄኔቫ ተወላጅ ሲሆን፣ ለንደን በሚገኝ የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን በፓስተርነት ያገለግል ነበር። እናቱ ካትሪን ሮሚሊ፣ በሕግ ማሻሻል ሥራው የታወቀው የሳሙኤል ሮሚሊ እህት ናት። አባትየው በ1783 በሳንባ ነቀርሳ ስለሞተ ፒተር በአራት ዓመቱ አባቱን አጣ። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ደብተር ይዞ የላቲን ቃላትን ከእንግሊዝኛ ፍቺያቸው ጋር በየርዕሱ እየከፈለ መመዝገብ ጀመረ። ሌሎች ልጆች በሚጫወቱበት ዕድሜ የእሱ ጨዋታ ቃላትን በወገን በወገናቸው መደርደር ነበር ማለት ይቻላል።

በ14 ዓመቱ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1798፣ ገና 19 ዓመቱ ሳለ፣ በሕክምና ተመረቀ። ቶሎ ሥራ ስላልቀናው የአንድ የማንቸስተር ባለጠጋ ነጋዴን ሁለት ልጆች እያስተማረ አውሮፓን እንዲያስጎበኝ ተቀጠረ። በ1803 ጄኔቫ ላይ እንዳሉ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ጦርነቱ እንደገና ተነሣ። ጄኔቫ ያኔ በፈረንሳይ ሥር ነበረች፤ ናፖሊዮንም በግዛቱ የተገኙ እንግሊዛውያን ወንዶች እንዲያዙ አዘዘ። ሮዤ የአባቱን የጄኔቫ ተወላጅነት በማስረጃ አረጋግጦ ከእስራት ዳነ፤ ልጆቹንም ይዞ ወደ ጀርመን ምድር አመለጠ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሲቲዝን እና ሰብጀክት የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ዜጋ ብለን እንተረጉማቸዋለን። ሮዤ በትውልዱ የእንግሊዝ ንጉሥ ሰብጀክት ነው፤ በአባቱ በኩል ደግሞ የጄኔቫ ሲቲዝን። የመጀመሪያው ሊያሳስረው ነበር፣ ሁለተኛው አዳነው። በቃላት መካከል ያለ ልዩነት የሰዋስው ሰዎች ጭቅጭቅ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል።

በ1804 ማንቸስተር ሄዶ በሆስፒታል ሐኪምነት ተቀጠረ። ማስተማርና መጻፍ ሲጀምር ግን ሐሳቡ እያለ ቃሉ እየጠፋበት ተቸገረ። ስለዚህ በ1805 ለራሱ መጠቀሚያ የሚሆን፣ በሐሳብ የተከፋፈለ አነስተኛ የቃላት ዝርዝር አዘጋጀ። ለማሳተም አላሰበም፤ ሲጽፍ ብቻ ያገላብጠው ነበር። እንዲህ እያለ ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆየ።

በ1808 ወደ ለንደን ተመልሶ በሳይንሱ ዓለም ትልቅ ስም አገኘ። የሒሳብ ማስሊያ የሆነውን ተንሸራታች ማስመሪያ ቁጥርን በቁጥር ኃይል ከፍ ለማድረግና ሥር ለማውጣት እንዲያገለግል አሻሻለ፤ በ1815 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ ከ1827 እስከ 1848 ድረስም የማኅበሩ ጸሐፊ ነበር። ኑሮው ግን ሐዘን አልተለየውም። እንደ አባት ያየው የነበረው አጎቱ ሳሙኤል ሮሚሊ ሚስቱ በሞተች በቀናት ውስጥ በ1818 ራሱን አጠፋ። በ1824 ያገባት ሚስቱ ሜሪ ሆብሰንም በ1833 በካንሰር ሞተች፤ ሁለት ልጆች ጥላበት ሄደች። ሕይወቱን ያጠኑ አንዳንድ ሰዎች ቃላትን መደርደር ከዚህ ሁሉ ሐዘን መጠጊያው ነበር ይላሉ።

ከጸሐፊነቱ ከወረደ በኋላ ያንን አሮጌ ዝርዝር አወጣና አስፋፍቶ በ1852 አሳተመው። ያኔ 73 ዓመቱ ነበር። ቴሶረስ በግሪክ ግምጃ ቤት ማለት ነው። መጽሐፉ ቃላትን በፊደል ተራ አልደረደረም። የተፈጥሮ አጥኚዎች እንስሳትንና ዕፅዋትን በወገን እንደሚከፍሉ፣ ሮዤም ሐሳቦችን በስድስት ታላላቅ ክፍሎችና በ1000 ርዕሶች ከፈላቸው። የመጀመሪያው ርዕስ መኖር ነው፤ 1000ኛው ቤተ መቅደስ። ተቃራኒ ሐሳቦችም ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሮዤ ተመሳሳይ ቃላትን ሰበሰበ እንጂ ልዩነታቸውን አልጻፈም። ይህን ሥራ ሄስተር ሊንች ፒዮዚ በ1794፣ ጆርጅ ክራብ ደግሞ በ1816 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ሞክረውት ነበር። ሮዤ ግን ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጥናት ነው ብሎ በመግቢያው ላይ ሆን ብሎ ተወው። ምርጫውን ለአንባቢው ጆሮ ሰጠ። ቋንቋው የአፍ መፍቻው ለሆነ ሰው ይህ በቂ ነው። እኛም በአማርኛ ሸንቃጣ እና ከሲታ ሁለቱም ቀጭን ማለት መሆናቸውን እናውቃለን፤ ሸንቃጣ የምትባለውን ልጅ ከሲታ ብንላት ግን እንደምትቀየመን ማንም አያስተምረንም። የቡና መዓዛ እንላለን እንጂ የቡና ግማት አንልም።

በእንግሊዝኛ ግን ይህ ጆሮ ገና አልተሠራልንም። ስሌንደር እና ስኪኒ በዝርዝር ውስጥ ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ ሙገሳ፣ ሌላው ብዙ ጊዜ ነቀፋ ነው። ፌመስ እና ኖቶሪየስ ሁለቱም ስሙ የታወቀን ሰው ያመለክታሉ፤ ኖቶሪየስ ግን የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በክፉ ሥራው ለታወቀ ነው። ፌመስ የሚለው ተደጋገመብኝ ብሎ ከዝርዝሩ ኖቶሪየስን የመረጠ ተማሪ፣ ሊያመሰግነው የፈለገውን ሰው ሰደበው ማለት ነው። ዝርዝሩ አልዋሸም፤ ዝርዝሩ የተሠራው ቃሉን አስቀድሞ ለሚያውቅና ለጊዜው ለጠፋበት ሰው ነው። ሮዤ ራሱ የተጠቀመበትም እንደዚሁ ነበር።

ሮዤ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1869 በ90 ዓመቱ ዌስት ማልቨርን ውስጥ አረፈ። በሕይወቱ ሳለ መጽሐፉ ከ20 ጊዜ በላይ ታትሟል፤ ከእሱ በኋላም ልጁ ጆን ሉዊስ፣ ቀጥሎም የልጅ ልጁ ሳሙኤል ሮሚሊ ሮዤ እያሻሻሉ አሳትመውታል። እንግዲህ ለእኛ ለተማሪዎች የሚሻለው ሁለት መጽሐፍ ጎን ለጎን መያዝ ነው። ቴሶረሱ ጎረቤቶቹን ይጠራልናል፤ የእያንዳንዱን ጎረቤት ጠባይ ግን ምሳሌ ዐረፍተ ነገር ካለው መዝገበ ቃላት እንጠይቅ። ምሳሌው ውስጥ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል ሳናይ ወደ ጽሑፋችን አናስገባው።