የከተማን ጭጋግ በብልቃጥ ውስጥ የሠሩት ሊቅ

የመኪና ጭስ ከተማን እንዴት እንደሚበክል በመጀመሪያ በሙከራ ያሳዩት ሰው የመኪና መሐንዲስ አልነበሩም። የዕፅዋት ኬሚስትሪ አዋቂ ነበሩ። ስማቸው ዶክተር አሪ ሃገን ስሚት ይባላል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ዶክተር ሃገን ስሚት በ1900 በኔዘርላንድ፣ ኡትሬክት ከተማ ተወለዱ። በ1929 እዚያው የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። በ1937 አሜሪካ ውስጥ፣ በሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለችው በፓሳዴና፣ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ማስተማር ጀመሩ።

ሎስ አንጀለስን ከ1943 ጀምሮ ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ይሸፍናት ነበር። የአትክልት ቅጠል ይበላሻል፤ ጎማ ይሰነጣጠቃል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? አንዱ በፋብሪካ፣ ሌላው በቆሻሻ ማቃጠያ ያሳብብ ነበር።

ዶክተሩ ያን ጊዜ የሚመረምሩት የአናናስን መዓዛ ነበር። ሽታ የሚያጠምዱበትን መሣሪያ ወደ ውጭው አየር አዞሩት። ብዙ አየር ስበው ቢያቀዘቅዙት ጥቂት ጠብታ ቡናማ፣ የሚከረፋ ፈሳሽ ቀረላቸው። መነሻውም ነዳጅ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያልተቃጠለ ነዳጅና ከመኪና የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ አየር ላይ ይገናኛሉ፤ ፀሐይ ስታገኛቸው ኦዞን ይፈጠራል። ስለዚህ ያ ጭጋግ እንዳለ ከጭስ ማውጫ የሚወጣ ሳይሆን እዚያው ሰማይ ላይ የሚሠራ ነው። ዶክተሩ ይህን ለማረጋገጥ ጋዞቹን በብልቃጥ ቀላቅለው ብርሃን አበሩባቸው። ውስጡ የታጠፈ ጎማ ቢያስቀምጡ ተሰነጣጠቀ። በዚያ ጋዝ ውስጥ የቆዩ ዕፅዋትም በእርሻ እንደታዩት ተጎዱ። ውጤቱን በ1952 አሳተሙ።

የነዳጅ ኢንዱስትሪ ገንዘብ የሚከፍላቸው ተመራማሪዎች ግን አጥብቀው ተቃወሟቸው። እሳቸውም አናናሱን ትተው ሙከራውን ደጋገሙ እንጂ ወደኋላ አላሉም። በመጨረሻ እውነቱ ረታ። በ1968 የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ በ1977 አረፉ።

ዛሬ ሳይንቲስቶች የመኪናውን ብዛት፣ ነፋሱንና ፀሐዩን ለኮምፒዩተር ሰጥተው የከተማ አየር ነገ ምን እንደሚመስል ያሰላሉ። የስሌቱ እምብርት ግን ያው በብልቃጡ የታየው ለውጥ ነው።

ጓደኞቼ፣ ነገ ክፍል ስንገባ ውድ መሣሪያ ላናገኝ እንችላለን። ቁራጭ ጎማ ግን አይጠፋም። ትልቁን ነገር በትንሹ አስመስሎ ማሳየት፣ ለሚጠራጠርም ደግሞ መሞከር፣ የመምህርም ሥራ እኮ ይኸው ነው።