በ150 ዶላር የተሸጠ ድንች፣ 17 ዓመት የተጠበቀች አበባ

እህቴ፣ ለቤቱ ልጆች ድንች ስትጠብሺ ረጅምና ልጣጩ ቡናማ የሆነ ድንች እጅሽ ገብቶ ያውቅ ይሆናል። ለጥብስ በብዛት ከሚፈለጉት የድንች ዝርያዎች አንዱ ራሴት በርባንክ ይባላል። ስሙ የተገኘው ሉተር በርባንክ ከተባለ አሜሪካዊ አትክልተኛ ነው። ይኸው ሰው ሻስታ ዴዚን፣ ያቺን ዙሪያዋ ነጭ፣ መሐሏ ቢጫ የሆነችውን አበባም ለዓለም ሰጥቷል። እሱም እንዳንቺ በወጣትነቱ ሻንጣውን ይዞ ከአገር ቤቱ የወጣ ሰው ነበር።

በርባንክ የተወለደው እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 1849 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ላንካስተር በተባለች ቦታ ነው። ለአባቱ 13ኛ ልጅ ሲሆን ዩኒቨርሲቲ አልገባም። አባቱ ሲሞት በደረሰው ውርስ 17 ኤከር መሬት ገዝቶ አትክልት መትከል ጀመረ። አንድ ቀን ከድንቾቹ መካከል አንዱ ፍሬ ይዞ አየ። ድንች ፍሬ የሚይዘው አልፎ አልፎ ስለሆነ ውስጡ የነበሩትን 23 ዘሮች አንድ በአንድ ተከላቸው። ከእነዚያ መካከል ግሩም ምርት የሚሰጥ ድንች ተገኘ። መብቱን ለአንድ የዘር ነጋዴ በ150 ዶላር ሸጠው።

በ1875፣ ገና 26 ዓመቱ ሳለ፣ ለራሱ ያስቀራቸውን 10 ድንቾች ይዞ ወንድሞቹ ወደሚኖሩባት ካሊፎርኒያ ተጓዘ። ሳንታ ሮዛ የተባለችው ከተማ አየሯና አፈሯ ማረከው፤ ሥራ ግን አልነበረም። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ያገኘውን የቀን ሥራ ሁሉ ይሠራ ነበር፤ በዶሮ ቤት ያደረበትም ጊዜ ነበር። ታሞ ሲወድቅ ያዳነችው ራሷ ድሃ የነበረች አንዲት ጎረቤቱ ናት። ከላሟ ወተት በየቀኑ ትሰጠው ነበር። ባዕድ አገር ታምሞ የሚጠይቀው ያገኘ ሰው ይህን ውለታ ያውቀዋል።

ቀስ በቀስ የራሱን የችግኝ ጣቢያ አቋቋመ። በ1881 አንድ ደንበኛ 20,000 የፕሪም ችግኝ በዚያው ዓመት እንዲያደርስለት ጠየቀው። ፕሪም በዚያ ፍጥነት አይደርስም። በርባንክ ግን ቶሎ የሚያድገውን አልመንድ ዘርቶ፣ በችግኞቹ ላይ የፕሪም እንቡጥ አጣብቆ ሥራውን በጊዜው አደረሰ። ከዚያ በኋላ ስሙ ታወቀ።

ልቡ ግን በልጅነት መንገዱ ዳር በምትበቅል ትንሽ ነጭ ዴዚ ላይ ነበር። ገበሬዎች እንደ አረም ይነቅሏታል፤ እሱ ግን ጠንካራነቷን ይወድ ነበር። አበባዋ እንዲተልቅ፣ ንጣቷ እንዲደምቅ፣ አንዴ ተተክላ ከዓመት ዓመት እንድታብብ ፈለገ። የአንዷን አበባ ብናኝ ወስዶ ለሌላዋ ይሰጥ፣ ዘሩን ይለቅም፣ እንደገና ይዘራ ጀመር። ከመንደሩ ዴዚ ጋር በመጀመሪያ የአውሮፓን ዘመዶቿን አዳቀለ። ንጣቷ አልበቃ ሲለው የጃፓን ነጭ ዴዚ ጨመረበት። ከሺህ ችግኞች ጥቂቱን መርጦ የቀረውን ይነቅል ነበር። በ1901፣ ከ17 ዓመት ልፋት በኋላ፣ ለገበያ አቀረባት። በሰሜን ካሊፎርኒያ ባለው በረዶ ለበስ ተራራ ስም ሻስታ አላት።

ዴዚ ለእኛም ሩቅ አይደለችም። አደይ አበባ፣ ኑግና ሱፍ ከእሷ ጋር የአንድ ቤተሰብ ናቸው። አንድ አበባ የሚመስለን ነገር በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው፤ ቢጫው መሐል እያንዳንዱ ነጥብ ራሱን የቻለ አበባ ነው። ልዩነቱ አደይ ዘሯን ጥላ ስትደርቅ ሻስታ ከሥሯ እንደገና ማቆጥቆጧ ነው።

የቤቱን አትክልት የምትንከባከቢ ከሆነ ወይም አንድ ቀን አገር ቤት ልትተክያት ካሰብሽ ይህን ያዢ። ሻስታ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ትፈልጋለች፤ የባሕረ ሰላጤውን የሐምሌ ቃጠሎ ግን አትችለውም። አፈሩ ውኃ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ውኃ ከተኛባት ሥሯ ይበሰብሳል። የጠወለገውን አበባ ከሥሩ ቁረጪው፤ ሌላ ታወጣለች። በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ደግሞ ነቅለሽ ክፈያት። ያረጀውን መሐሏን ጥለሽ በዳር ያሉትን ወጣት ቡቃያዎች ለየብቻ ትከዪ። ካልከፈልሻት ከመሐሏ እየደረቀች አበባዋ ይቀንሳል፤ ከከፈልሻት ከአንዷ ብዙ ታገኛለሽ።

በርባንክ በሕይወቱ ከ800 በላይ አዳዲስ የዕፅዋት ዝርያዎች አወጣ። ሆኖም በዘመኑ አዲስ ተክል ያወጣ ሰው መብቱን የሚያስከብርበት ሕግ አልነበረም። አንዴ ከሸጠ በኋላ ገዢው እያባዛ ቢከብርም ለእሱ የሚደርሰው ነገር አልነበረም። ሕጉ በአሜሪካ የወጣው በ1930፣ እሱ ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያ ድንች ስንቱን እንዳበለጸገ ስታስቢ 150 ዶላር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገባሻል። የእጅሽን ሥራ ዋጋ ሳታውቂ፣ ወረቀቱንም ሳታነቢ ወይም ሳታስነብቢ አትፈርሚ።

በርባንክ ኤፕሪል 11 ቀን 1926 በ77 ዓመቱ ሳንታ ሮዛ ውስጥ አረፈ። የተቀበረው በገዛ ግቢው፣ ራሱ በተከለው የሊባኖስ ዝግባ ሥር ነው። በእንግድነት የገባባት ከተማ ግቢውን እስከ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት አድርጋ ትጠብቃለች። ሻስታ ዴዚም ጎረቤት ለጎረቤት እየከፈለ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሰጣጠ፣ ዛሬም ከሥሯ እያቆጠቆጠች ታብባለች።