ብፁዕ ኒኮላስ ስቴኖ፤ የድንጋይ መርማሪና የነፍሳት እረኛ

በቁምስናዎቻችን የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከወጣቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚገጥማቸው ጥያቄ፣ ሳይንስን የተማረ ሰው እምነቱን መተው ይኖርበታልን የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ከረጅም ክርክር ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት የበለጠ መልስ ይሰጣል ብለን ስላመንን፣ በዚህ እትም የብፁዕ ኒኮላስ ስቴኖን ታሪክ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስቴኖ በ1638 ዓ.ም. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሀገን ከሉተራውያን ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ወርቅ አንጥረኛ ነበር። ሕክምና አጥንቶ ገና በ22 ዓመቱ ምራቅን ከጆሮ ሥር ካለው ዕጢ ወደ አፍ የሚያመጣውን ቧንቧ አገኘ፤ ቧንቧው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ልብም ጡንቻ መሆኑን አስረዳ።

በ1666 ዓ.ም. ወደ ጣሊያን ሄዶ በፊሬንዜ መስፍን ቤት ተቀመጠ። በዚያም ፊቱን ወደ ምድር ጥናት መለሰ። በአቅራቢያው ባለችው በኤልባ ደሴት ከሮማውያን ዘመን በፊት ጀምሮ ብረት ይቆፈር ነበር። ከዚያ የሚወጣው ሄማታይት የተባለ የብረት ማዕድን እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ክሪስታል ነው፤ ሲፈጭ ግን ዱቄቱ ቀይ ይሆናል። ስቴኖ ይህንና ኳርትዝን አገላብጦ መረመረ። ክሪስታል እንደ ተክል ከውስጥ እንደማያድግ፣ ይልቁንም በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ጥቃቅን ነገር በገጾቹ ላይ እየተነባበረ እንደሚያድግ ተረዳ። ስለዚህ አንዱ ገጽ ሊሰፋ፣ ሌላው ሊጠብ ይችላል፤ በገጾቹ መካከል ያለው ማዕዘን ግን አይለወጥም። ይህን በ1669 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ ገለጸ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1783 ዓ.ም. ሮሜ ደ ሊል የተባለ ፈረንሳዊ ሕጉ በብዙ ማዕድናት ላይ እንደሚጸና በልኬት አረጋገጠ።

በዚያው መጽሐፍ፣ ድንጋይ በንብርብር ሲከማች ታችኛው ከላይኛው እንደሚቀድም አስተማረ። ከየጥኖራ ተነሥቶ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ የወረደ መንገደኛ ይህን በዓይኑ ያያል። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከእርሱ በታች የኖራ ድንጋይ፣ ከወንዙ አጠገብ ደግሞ ከሁሉም የሚቀድመው አሸዋማው ድንጋይ ይገኛል።

ስቴኖ በድንጋይ ላይ ያሳየውን ትዕግሥት በእምነቱም ላይ አሳየ። በ1666 ዓ.ም. በሊቮርኖ ከተማ የቅዱስ ቁርባን ዑደት ሲያልፍ አይቶ ልቡ ተነካ፤ ከብዙ ምርመራ በኋላ በ1667 ዓ.ም. የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆነ። በ1675 ዓ.ም. ቅስናን፣ በ1677 ዓ.ም. ጵጵስናን ተቀበለ። የ1669ኙ መጽሐፍ ለሰፊ ሥራ መግቢያ እንዲሆን የታሰበ ነበር፤ ያ ሰፊ ሥራ ግን ሳይጻፍ ቀረ። ዋጋው ቀላል አልነበረም።

በሰሜን ጀርመን ለተበተኑ ጥቂት ካቶሊካውያን እረኛ ሆኖ በድህነት ኖረ። በሙንስተር ከተማ የጳጳስ ምርጫ በገንዘብ መበላሸቱን ባየ ጊዜ ተቃውሞ፣ በ1683 ዓ.ም. ሹመቱን ትቶ ወጣ። ቀለበቱንና መስቀሉን ሳይቀር ለድሆች ሸጠ። በ1686 ዓ.ም. በሽቬሪን በጽኑ ሕመም ሲያርፍ ዕድሜው 48 ዓመት ነበር። አስከሬኑ በፊሬንዜ ተቀበረ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1988 ዓ.ም. ብፅዕናውን አወጁ።

እንግዲህ ወጣቶች ሲጠይቁን፣ ድንጋዩን በቅንነት የመረመረውና ለድሆች መስቀሉን የሸጠው አንድ ሰው መሆኑን እንንገራቸው። ስቴኖ ሳይንስን ያቆመው እውነትን ፈርቶ አይደለም፤ የተበተነው መንጋ እረኛ ስላልነበረው ነው። ጸሎቱ ከሁላችን ጋር ይሁን።