በፍየል ቆዳ ስልቻ የተጓዘው ሌይካ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1930 የሱልጣን ተይሙር ቢን ፈይሰል ሚኒስትር የነበረው እንግሊዛዊ በርትራም ቶማስ ከሙስካት በሌሊት በመርከብ ወጥቶ ወደ ዶፋር አቀና። ከወራት በኋላም ሩብ አል ኻሊን ከደቡብ ወደ ሰሜን በማቋረጥ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ሆነ። ቶማስ በጉዞ ላይ ሳለ፣ በኅዳር ወር መግቢያ፣ አዲስ አበባ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል ታከብር ነበር። ከተጋባዦቹ መካከል አንድ የ20 ዓመት ወጣት ነበረ። ከ16 ዓመት በኋላ ያንኑ በረሓ በሌላ መንገድ የሚያቋርጠው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው።

ቴሲጀር አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ባዕድ አይደለም። አባቱ በኢትዮጵያ የብሪታንያ መልእክተኛ ስለነበር በ1910 የተወለደው በዚያው በሌጋሲዮኑ ግቢ ነው። ከአባቱ የቀረ አሮጌ ኮዳክ ካሜራ ነበረው። በ1933 የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ ወደ አፋር ምድር ወረደ። በአውሳ ከሱልጣን መሐመድ ያዮ የማለፊያ ፈቃድ አግኝቶ ወንዙ በአቤ ሐይቅ እንደሚያበቃ አረጋገጠ። ያን ጊዜ ከካሜራው ይልቅ ጠመንጃው ሥራ ይበዛበት ነበር፤ በመንገዱ ላይ ለለንደን ሙዚየም ወፎችን ያድን ነበርና። ቀጥሎ በሱዳን አስተዳደር ባገለገለባቸው ዓመታት ወደ 70 የሚጠጉ አንበሶችን ገድሏል። ብዙዎቹ የነዋሪውን ከብት የሚፈጁ ነበሩ፤ ቢሆንም ዛሬ ቁጥሩን የሚሰማ ሰው መደንገጡ አይቀርም።

ወደ ሱዳን ከመሄዱ በፊት፣ በ1934፣ ሌይካ የተባለውን አነስተኛ የጀርመን ካሜራ ገዝቶ ነበር። በ1946 የአንበጣ መከላከያ ድርጅት ወደ ዶፋር በላከው ጊዜ የያዘው ይህንኑ ነው። ከሳላላ ተነሥቶ ከሙቅሺን ወደ አሸዋው ሲገባ ካሜራውን ያኖረው በፍየል ቆዳ ስልቻ ውስጥ ነበር። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ብልኅነት ነው። በፊልሙ መተላለፊያ ውስጥ የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከዚያ በኋላ የሚያልፈውን ፊልም ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ትሰነጥረዋለች፤ ጉዳቱም የሚታወቀው ከወራት በኋላ ፊልሙ ሲታጠብ ነው። ከሳላላ እስከ ሊዋ ድረስ ደግሞ ካሜራ የሚጠግን አልነበረም። ከግመል ጀርባ መውደቅም፣ ግመሏ ራሷ በጭነቷ ላይ መንከባለሏም ለመስተዋትና ለብረት ያው ጥፋት ነው።

በዚያ ዘመን የዱር እንስሳን በቅርብ ለማንሣት የደፈሩ ሰዎች ካሜራቸውን ለአውሬው አጋልጠው ይተዉት ነበር። ጀርመናዊው ካርል ጌኦርግ ሺሊንግስ በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ በምሥራቅ አፍሪካ አንበሳው ራሱ በሚነካው ገመድ ካሜራውንና የማግኒዥየም ብልጭታውን ያስነሣ ነበር። የቀረበው አውሬ ፈርቶ ይሽሽ ወይም ዕቃውን ገልብጦ ይሂድ፣ ባለቤቱ የሚያውቀው ሲነጋ ነው። አንድ ካሜራ ብቻ ለያዘ መንገደኛ ይህ የማይታሰብ ነው። ከርቀት ማንሣትም መላ አልነበረም። በመደበኛው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ200 ሜትር ርቀት የቆመ የዐረብ ሳላ ፊልሙ ላይ ቁመቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ነጥብ እንጂ ሥዕል አይባልም።

ስለዚህ የቴሲጀር ሌይካ የዞረው ወደ ሰው ፊት ነው። ከራሺድ ጎሣ የሆኑት ሳሊም ቢን ካቢና፣ ኋላም ሳሊም ቢን ጋባይሻ በሥዕሎቹ ውስጥ ደጋግመው ይታያሉ። ሰዎቹ ሙባረክ ቢን ለንደን ብለው ሰየሙት፤ ክርስቲያን መሆኑን እያወቁ አማናቸውን ጠበቁለት። በመጀመሪያው ጉዞ ረኀብ በጠናባቸው ወቅት ያገኟትን ጥንቸል ሊበሉ ሲሉ እንግዶች ቢደርሱ ሥጋውን ለእንግዶቹ አቀረቡ። እንስሳው ለእነርሱ ሪዝቅ ነበር፤ አዳኙ በጥይት የጣለውን ሳይሞት ደርሶ ቢስሚላህ ብሎ ለማረድ ይሮጥ ነበር።

ወደ ኦማን ውስጣዊ ግዛት መግባት ግን ከአሸዋው ይልቅ ከበደ። የባሕሩን ዳርቻ ሱልጣን ሰዒድ ቢን ተይሙር፣ የተራራውን አገር ኢማም መሐመድ አል ኻሊሊ ይዘውት ነበር። ቴሲጀር በኢማሙ አገር ውስጥ በስጋት ተጓዘ፤ ካሜራ ደግሞ የያዘውን ሰው ማንነት ቶሎ የሚገልጥ ዕቃ ነው። በ1950 ሱልጣኑ ፈቃዱ እንዲሰረዝ በመጠየቃቸው የዐረብ ጉዞው አከተመ።

ሥዕሎቹን የያዘው መጽሐፉ በ1959 ታተመ። ከዚያ ወዲህ መኪናና አውቶማቲክ ጠመንጃ በረሓውን ሞሉት፤ በ1972 በጂዳት አል ሐራሲስ የመጨረሻው የዱር ሳላ ተገደለ። ቴሲጀር በ1977 ወደ ኦማን ሲመለስ ቢን ካቢናና ቢን ጋባይሻ ተቀበሉት። የሚያውቀው አገር በዘይት ሀብት ተለውጦ በማግኘቱ አዘነ፤ ሐዘኑ የመንገደኛ እንጂ ሐኪምና ትምህርት ቤት ያገኘው የነዋሪው አልነበረም። ሳላዎቹም ከአገር ውጭ ከተራቡት መንጋዎች በሱልጣን ቃቡስ ፈቃድ መጥተው በ1982 በያሉኒ ተለቀቁ፤ ጠባቂዎቻቸው የሐራሲስ ሰዎች ሆኑ። ዛሬ በሙስካት ግዛት በዋዲ ሲሪን የተራራ ፍየል የሚጠብቅ ፎቶ አንሺ ቴሲጀር ያላገኘውን ረጅም ሌንስ ይዞ ራቅ ብሎ መቀመጥ ይችላል፤ አቧራው ግን ያው ነው።

ቴሲጀር ነሐሴ 24 ቀን 2003 በእንግሊዝ አረፈ። በሕይወቱ ያነሣቸው ወደ 38,000 የሚደርሱ ኔጋቲቮች በኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ከእነርሱም መካከል ከስልቻው እየወጣ በገባው ሌይካ የተነሡት የወጣቱ ቢን ካቢና ሥዕሎች አሉ።