ላዛሮ ስፓላንዛኒ፦ በበረዶ የተፈተነው የዘር ፈሳሽ

ከደሴ በስተ ሰሜን ከሚገኘው ሎጎ ሐይቅ የተያዘ ወንድ አምባዛ ሆዱ ተጨምቆ የዘር ፈሳሽ አይሰጥም፤ የዘር ፍሬው የሚወጣው ዓሣው ታርዶ ነው። ስለዚህ የተገኘውን ፈሳሽ ሴቷ ዕንቁላል እስክትሰጥ ድረስ ጥራቱ ሳይወድቅ ማቆየት ለአርቢው ከባድ ጉዳይ ነው። የዘርን ጽናት በሙከራ ከመረመሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ጣሊያናዊው ካህን ላዛሮ ስፓላንዛኒ ነበሩ።

ስፓላንዛኒ እ.ኤ.አ. በ1729 በስካንዲያኖ ተወለዱ። በቦሎኛ ሕግ መማር ቢጀምሩም፣ በዚያው ፊዚክስ ታስተምር የነበረችው ዘመዳቸው ላውራ ባሲ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ መራቻቸው። በሬጆና በሞዴና ካስተማሩ በኋላ በ1769 ወደ ፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ።

በ1776 ባሳተሙት ሥራ፣ በበረዶ የቀዘቀዙ የዘር ሕዋሳት መንቀሳቀስ አቁመው ሙቀት ሲያገኙ ዳግም መንቀሳቀሳቸውን ዘገቡ። ቅዝቃዜ ያረጋቸዋል እንጂ ወዲያው አይገድላቸውም ማለት ነው። ከደጋማዋ ደሴ ወደ ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ናሙና ይዞ የሚወርድ ተመራማሪ ፈሳሹን በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ማቆየት የሚገባው ለዚህ ነው፤ ሙቀት የሕዋሱን ጥቂት ጉልበት ቶሎ ያስጨርሳል፣ ባክቴሪያም ይራባል፣ ኦክስጅኑንም ይሻማል። የዓሣ ዘር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በዘር ፍሬው ውስጥ ሳለ አይንቀሳቀስም፤ የሐይቅ ውኃ ሲነካው ይነቃል፣ ከዚያ በኋላ ግን የአምባዛ ዘር ከአንድና ሁለት ደቂቃ በላይ እምብዛም አይዋኝም። የረጋ ናሙና ሕያው ይሁን የሞተ የሚለየውም ውኃ ሲጨመርበት ነው።

ስፓላንዛኒ በእንቅስቃሴ ብቻ አልረኩም፤ የማዳቀል ኃይልንም ለኩ። ወንድ እንቁራሪቶችን ሱሪ አልብሰው፣ ፈሳሹ ያልነካው ዕንቁላል ፍሬ እንደማይሰጥ አሳዩ። ፈሳሹን በወረቀት ሲያጣሩት የወረደው ኃይሉን አጣ፤ በወረቀቱ ላይ የቀረው ግን ያዳቅል ነበር። የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሽል አስቀድሞ በዕንቁላሉ ውስጥ አለ ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ሕዋሳቱን እንደ ጥገኛ ተሕዋስያን ቆጥረው ኃይሉን ለፈሳሹ ሰጡ። ማስረጃው በእጃቸው ነበር፤ ንድፈ ሐሳባቸው ግን ጋረደባቸው።

በ1799 በፓቪያ አረፉ። በ1824 ፕሬቮና ዱማ የተባሉ ተመራማሪዎች የማጣራቱን ሙከራ ደግመው፣ የሚያዳቅሉት ሕዋሳቱ ራሳቸው እንደሆኑ አስረዱ።