ራስ አሉላ አባ ነጋ፦ ያው ሠራዊት፣ ሌላ ውሳኔ

ስለ ራስ አሉላ ጀግንነት ያልሰማ የለም። ዛሬ ግን ስለ ውሳኔያቸው እናውራ፤ ጦርነት በጀግንነት ብቻ አይገፋማ!

አሉላ እንግዳ ተምቤን ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። የመሳፍንት ዘር አልነበሩም፤ አፄ ዮሐንስ ዘንድ ያደረሳቸው ችሎታቸው ነው። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ጉንደትና ጉራ ላይ ሲመታ ስማቸው ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ራስ ተብለው የመረብ ምላሽ ገዥ ሆኑ፤ በኋላም አስመራን መቀመጫቸው አደረጉ።

በ1877 ጣሊያን ምፅዋን ያዘና ወደ ሰሃጢ ገፋ። አሉላ በጥር 1879 የሰሃጢን ምሽግ አጠቁ። አልሆነም፤ ብዙ ሰው አለቀባቸው።

በማግስቱ ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ያፈገፍጋል፣ ወይ በእልህ እዚያው ምሽግ ላይ ይመለሳል። እሳቸው ሁለቱንም ተዉት። ምሽጉን ሊረዳ በመንገድ ላይ የነበረውን 500 ገደማ የጣሊያን ጦር ዶጋሊ ላይ ከበቡት። ከዚያ ጦር በሕይወት የተረፈው ከመቶ አይሞላም። ያው ሠራዊት፣ ያው መሣሪያ ነው። የተለወጠው ውሳኔው ነው፤ ጠላትን ከምሽጉ ውጭ መምታት።

በዓመቱ አፄ ዮሐንስ ራሳቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጦር ይዘው ሰሃጢ ፊት ሰፈሩ። ጣሊያን ከምሽጉ አልወጣም፤ ስንቁ ከምፅዋ በባቡር ይመጣለታል። የንጉሡ ጦር ግን ስንቅ አለቀበት። በምዕራብ በኩል ደግሞ ድርቡሾች ጎንደርን አቃጥለው ነበር። ንጉሡ ሳይዋጉ ተመለሱ።

በመጋቢት 1881 መተማ ላይ የድርቡሽን ምሽግ ፊት ለፊት ገጠሙ። ሠራዊታቸው አጥሩን ጥሶ ገብቶ ሳለ ንጉሡ በጥይት ተመቱ፤ ድሉም ከእጅ አመለጠ። አሉላ ከንጉሣቸው ጋር ዘምተው ስለነበር፣ ጣሊያን በዚያው ዓመት አስመራን ያለ ውጊያ ገባባት።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አሉላ ዓድዋ ላይ ከአፄ ምኒልክ ጎን ተሰለፉ። ከድሉ በኋላ የሚሸሸውን ጠላት እስከ ባሕሩ ማሳደድ እንደፈለጉ ይነገራል። አሁንማ ጣሊያን ምሽግ ውስጥ አይደለም፣ ሜዳ ላይ ነው! ምኒልክ ግን መረብን አልተሻገሩም። ሠራዊቱ ደክሟል፣ ስንቅ አልቋል፣ ከጣሊያን አዲስ ጦር እየገባ ነው። በጥቅምት 1889 የአዲስ አበባ ውል ተፈረመ፤ ኤርትራ በጣሊያን እጅ ቀረች።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዶጋሊ፣ ጠላት ከምሽግ ሲወጣ ምታው ይላል። ሰሃጢ ደግሞ፣ ስንቅ የሌለው ጦር ብዛቱ አያድነውም ይላል። ዓድዋ ላይ ሁለቱ ትምህርቶች ተጋጩ።

አሉላ የዚህን መጨረሻ አላዩም። ከዓድዋ ዓመት ሳይሞላ፣ በየካቲት 1889፣ ከተምቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር ተዋግተው በቆሰሉት ቁስል አረፉ። የውጭ ጠላት ያልጣላቸው ሰው በእርስ በርስ ጠብ ወደቁ። የተቀበሩትም እዚያው ዓድዋ አጠገብ፣ አባ ገሪማ ገዳም ነው።

እናንተስ በዚያች ቀን በምኒልክ ቦታ ብትሆኑ ምን ትወስኑ ነበር?